የአንድ ከሰዓት የአጎት ልጅ

ዝምድና በደምና በጋብቻ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። በድንጋጤም ይመጣል። እኔ ሶስና፣ አንድ ሙሉ የአጎት ልጅ አውሮራ ከተማ፣ ቤታችን ሶፋ ላይ፣ በካልሲ ቁጭ ብሎ ቆሎ እየቆረጠመ ሲወለድልኝ በዓይኔ አይቻለሁ። የተወለደው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት ነው።

በዚያን ጊዜ እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር እገፋለሁ። የምኖረው አውሮራ፣ ሊፍት የሌለው አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቴ እህት ከእቴቴ የሺ ጋር ነው። እቴቴ እኔን ሳትድር ከሞተች መቃብር ውስጥ የምትቀመጥ እንጂ የምትተኛ አይመስላትም። «አንቺ ልጅ፣ ዓለም ሁሉ በሚያልፍበት በር ላይ ቆመሽ አንድ ሰው አጣሽ?» ትለኛለች። ዓለም ማለፉስ ያልፋል። ግን እኔ የምገፋቸው አብዛኞቹ የልጅ ልጅ ያዩ ናቸው።

አንድ ሱስም ነበረብኝ። መጠጥ አይደለም፣ ጫት አይደለም፤ የአውስትራሊያ የፍቅር ኮሜዲ ፊልም ነው። ትልልቆቹን ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እነዚያን በቁራጭ ብር የተሠሩትን፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ወንበር ሲያመላልስ የዋለ የሚመስሉትን ነው። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ የሚያምር ሰው የለም። ወንዱ ጆሮው በፀሐይ ተልጧል፣ ሴቷ ፀጉሯን በራሷ መቀስ የቆረጠች ትመስላለች። ከተማው ያለው መንገድ አንድ ነው። ሰርግ ላይ የታደሙት ሰዎች ለቅሶ ላይም እነሱው ናቸው፣ ባርኔጣ ብቻ ይቀይራሉ። ማይክራፎኑ ከላይ ብቅ ይልና አፍሮ ይመለሳል። ሀብታሞቹ ፊልሞች ላይ ፍቅረኞች ዝናብ ውስጥ ይሳሳማሉ፤ እነዚህ ግን ዝናብ የሚያዘንቡበት ገንዘብ ስለሌላቸው ጋራዥ ውስጥ ቆመው ስለ መኪና ባትሪ ያወራሉ። እኔ ደግሞ በባትሪው አለቅሳለሁ። «እወድሻለሁ» የሚል ሰው የለም። «ሻይሽ አይጠጣም» ይላትና በማግስቱ ሻይ ሊጠጣ ይመጣል። እንዲህ ያለ ፍቅር ሳይ ፊልሙን ደግሜ አየዋለሁ፤ ምክንያቱም እኔ የማውቃቸው ሰዎች የሚዋደዱት እንደዚያ ነው።

ግሩምን ያገናኘኝም ይኸው ሱስ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ በባቡር ስመለስ ስልኬ ላይ ፊልም እያየሁ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠ ረጅም አበሻ አንገቱን አሰገገና «ያቺ ቀይ ፒክአፕ እኮ ባለፈው ፊልም ላይ የሌላ ሰውዬ ነበረች» አለኝ። በዚህች ምድር ላይ ያቺን ፒክአፕ የሚያውቃት ሌላ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ግሩም ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት እየመጣ አብረን ማየት ጀመርን። እቴቴ ትወደዋለች፤ ከባድ ዕቃ ያነሳላታል፣ የሰጠችውን ይበላል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ግሩም አንድም ቀን የሆነ ነገር ብሎኝ አያውቅም። እኔም ሴት ነኝ ብዬ እጠብቃለሁ። እሱ ቆሎ ይቆረጥማል፣ እኔ እጠብቃለሁ።

ያ የአጎት ልጅ የተወለደልኝ እሁድ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ የክረምት ጎማውን ባወለቀ ማግስት በረዶ መጣል የዴንቨር አመሏ ነውና ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ከብዶ ነበር። እኔና ግሩም ፊልም ከፍተናል። ዋናው ሰውዬ ሥራው ዝናብ መለካት ነው፤ መንግሥት ደመወዝ እየከፈለው፣ ዝናብ በማይዘንብበት ከተማ። ሴትየዋ ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ቤት አላት። እሱ በየቀኑ ንጹሕ ሸሚዙን አፈር ላይ እያንከባለለ ሊያሳጥብ ይመጣል። እየሳቅን ሳለ እቴቴ ከመኝታ ቤት እየሮጠች ወጣች።

«ሶስና! ተነሺ! ቀሚስ ልበሺ!»

«ምን ሆንሽ እቴቴ?»

«ሽማግሌዎች መጥተዋል! በመስኮት አየኋቸው፣ ፓርኪንጉ ጋ እየወረዱ ነው!»

«የማን ሽማግሌዎች?»

«ያንቺ ናቸዋ! ለእንግልውዱ ፋርማሲስት፣ ለናትናኤል። ቀጠሯቸው አመሻሽ ላይ ነበር፣ በረዶውን ፈርተው ቀደሙ መሰለኝ።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ሺፍት ትወስጃለሽ።»

እውነቷን ነው፣ እወስድ ነበር። ናትናኤልን አንድ ቀን ክርስትና ላይ አግኝቼዋለሁ። ጨዋ ነው፣ ጥርሱ ነጭ ነው፣ ስለ ኢንሹራንስ ብዙ ያውቃል። እምቢ የሚያሰኝ አንድም ነገር አላገኘሁበትም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ግሩም ዛሬም ዝም ካለ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሜ «እሺ» ልል እንደምችል ታወቀኝ። ወደ ግሩም ዞርኩ። ቆሎው አፉ ውስጥ ቆሟል።

እቴቴም ያኔ ነው ያየችው። ሽማግሌ ሊጠይቃት ከመጣባት ልጃገረድ ጎን ጫማውን ያወለቀ ጎረምሳ! «ጥፋ!» አለችው። በየት ይጥፋ? በሩ አንድ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ደረጃውን ይዘውታል። ቁም ሣጥኑን ከፈተችው፤ ለአዲስ አበባ ያዘጋጀቻቸው ሻንጣዎች እስከ ጣሪያ ሞልተውታል። በሩ ተንኳኳ።

ሦስት ናቸው። ፊት የገቡት ጋሽ ታፈሰ፣ ዴንቨር ውስጥ ያልዳሩት ሰው የለም የሚባሉ፣ ድምፃቸው ያለ ማይክራፎን አዳራሽ የሚሞላ። ቀጥሎ ሐጂ ኑሩ፣ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። ሦስተኛው ጋሽ በላይ፣ የናትናኤል አጎት። መጣል የጀመረውን በረዶ ከላያቸው አራገፉና ቆሙ። ጋሽ ታፈሰ ዓይናቸውን ግሩም ላይ ጣል አደረጉ።

«ይሄ ጎልማሳ ማነው?»

እቴቴ አፏን ከፈተች። «የአባቷ የወንድም ልጅ ነው!» አለች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አባቴ ወንድም የለውም።

«እሰይ!» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «በአባት በኩል ወንድ ዘመድ የላትም ተብለን ለማን ነው የምንናገረው ብለን ተጨንቀን ነበር። በል ልጄ፣ ከወይዘሮ የሺ ጎን ሁን። የምትመልስልን አንተ ነህ።»

ግሩም እንደታዘዘው ሆነ። እኔ በደንቡ መሠረት ወደ ማድ ቤት ተባረርኩ። የእኛ ማድ ቤት ግን በር የለውም፤ ሁሉንም አያለሁ።

«ቁጭ በሉ እንጂ፣» አለ ግሩም።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም፣» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

«እሺ፣» አለና ዝም አለ። እነሱም ዝም አሉ። ሁሉም ቆመው ይተያያሉ። እቴቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችውና «ስለ ምን መጣችሁ በላቸው» ብላ አንሾካሾከች።

«ስለ ምን መጣችሁ?» አለ፣ ልክ እንደ አየር ማረፊያ ፖሊስ።

ጋሽ ታፈሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ልጃችን ናትናኤል ይባላል፤ የተማረ፣ ሥራ ያለው፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ነው። ልጅ ስጡን፣ ቤተሰብ ሁኑን።»

የግሩም ፊት አመድ መሰለ። በደንቡ የሚባለው «እንመክርበታለን» ነው፤ ከዚያ ይቀመጣሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ቀን ይቆረጣል። ግሩም ይህን አላለም።

«ልጁ ሲሳሳት ምን ያደርጋል?» አለ።

ጋሽ በላይ ግራ ተጋቡ። «ፋርማሲስት ነው እኮ። አይሳሳትም።»

«እሷ በሆነ ባልሆነው ትስቃለች። ስትስቅ ለምን ሳቅሽ ይላታል ወይስ አብሯት ይስቃል?»

«ቤት አለው፣ ባለ ሁለት ጋራዥ ነው፣» አሉ ጋሽ በላይ።

ሐጂ ኑሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ጥያቄው ጥሩ ነበር። መልሱ ግን ወደ ጋራዥ ገባ።»

ጋሽ ታፈሰ ነገሩ አቅጣጫውን ሲስት ገብቷቸው ወደ ዘር ቆጠራ አለፉ። እንደምታውቁት በእኛ ሰባት ቤት ያልሞላ ዝምድና ካለ ጋብቻ የለም። ጋሽ በላይ የናትናኤልን ቆጠሩ። «ናትናኤል ሰለሞን፣ ሰለሞን የኔ ወንድም ነው፤ አባታችን ደምሴ፣ ደምሴ አየለ፣ አየለ እንግዳወርቅ። ቡልጋ ውስጥ ባለ ዘጠኝ በሬው እንግዳወርቅ ቢሉ ማን ያጣቸዋል!»

ይህን ስም ሲሰማ የግሩም ቅንድብ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ።

«በል አንተም በአባት በኩል ቁጠርልን፣» አሉት ጋሽ ታፈሰ።

ግሩም ቀና አለ። «አባቴ ታደሰ። ታደሰ ወልደየስ።»

የእኔ የአባቴ አባት አያሌው ነው የሚባሉት። ወልደየስ የሚባል ሰው በዘራችን የለም። እቴቴ ምላሷን የነከሰች መሰለች።

«ወልደየስ እሸቴ፣» ቀጠለ ግሩም። «እሸቴ እንግዳወርቅ።»

ጋሽ በላይ አንድ እርምጃ ቀረቡ። «የየትኛው እንግዳወርቅ?»

«የቡልጋው። ባለ ዘጠኝ በሬው።»

ሰውዬው ኮታቸው ላይ የቀረውን በረዶ እያፈሰሱ ግሩም አንገት ላይ ተጠመጠሙ። «ያጥንቴ ፍላጭ! ስንት ዘመን ሙሉ ኮሎራዶ ውስጥ አንድ የአባቴ ወገን አጥቼ!» ይላሉ፣ ያለቅሳሉ። ከዚያ ወደ ማድ ቤት መጡና እኔንም አቀፉኝ። «አንቺም የኛው ነሽ! የኛው ልጅ!» ጉንጬን አራት ጊዜ ያህል ሳሙት። እኔም ግራ ገብቶኝ ሳምኳቸው።

ጋሽ ታፈሰ ሳል ሳል አሉ። «በላይ፣» አሉ፣ «ደስታህን አልነካም። ግን ይሄ ጋብቻውን ያፈርሳል።»

ጋሽ በላይ እኔን እንዳቀፉ ቆሙ። «ለካ...» አሉ። ለቀቁኝ።

በቃ፣ ጉዳዩ አለቀ። የናትናኤል ጥያቄ ጎርፍ እንደወሰደው ድልድይ ቀረ። ግሩም ውኃ ሊቀዳ ማድ ቤት ሲገባ እጁን ያዝኩት።

«ምን አደረግክ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«አያቶቼን ነው የቆጠርኩት። የኔን። አዳንኩሽ እኮ!»

«እሺ፣ አዳንከኝ። አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«አንተ አሁን የአጎቴ ልጅ ነህ። በጋሽ ታፈሰ ፊት። ማታ ዴንቨር በሙሉ ያውቀዋል።»

ብርጭቆውን እንደያዘ ቆመ። ውኃው ሞልቶ እጁ ላይ ይፈሳል። «እሱን ረሳሁት፣» አለ።

አንባቢዎቼ፣ እስቲ በኔ ቦታ ሁኑ። እውነቱን ብናገር፣ ዝምድናው ሲፈርስ ናትናኤል ይመለሳል፤ ሽማግሌዎቹም የተዋረዱ ሰዎች ሆነው ይቆጣሉ። ዝም ብል፣ ግሩም እስከ ዕለተ ሞቱ ያጎቴ ልጅ ሆኖ ይቀራል፤ እኔን ሲድሩኝም ሚዜ ፊት ቆሞ ያስረክበኛል። በዚያ ላይ «እሱን ረሳሁት» ያለው ምኑን ነው? ሊጠይቀኝ አስቦ ነበር ማለት ነው? ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ይሄ ይሁን ሌላ አላወቅኩም።

ጋሽ ታፈሰ ተነስተው ለመሄድ መጋረጃውን ገለጥ ቢያደርጉ በረዶው መንገዱን ሸፍኖታል። የመጡት በናትናኤል መኪና ነው፤ ጎማው የበጋ ነው። ሐጂ ኑሩ «እኔ ይሄን ጎማ ይዤ አልነዳም» አሉና ካፖርታቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እቴቴ ምግብ አቀረበች። ስክሪኑ ላይ የቆመው ፊልም ያሳፈራት እቴቴ ቴሌቪዥኑን ልታጠፋ ሪሞቱን አነሳችና የማይሆን ቁልፍ ነካች። ፊልሙ ካቆመበት ቀጠለ።

ዝናብ ለኪው ሸሚዙን አፈር ላይ ያንከባልላል።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

ግሩም ነገራቸው። ሰውዬው ሴትየዋን እንደሚወድ፣ ግን እንደማይናገር፣ ሸሚዙን ለምን እንደሚያቆሽሽ።

«ሥራው ምንድነው?»

«ዝናብ መለካት።»

«ዝናብ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ይጠብቃል።»

«ደመወዙ ግን ከመንግሥት ነው?» አሉ ጋሽ በላይ። ከመንግሥት መሆኑ ሲረጋገጥ ትንሽ ተረጋጉ።

ከዚያ የሆነውን ብነግራችሁ የፈጠራ ወሬ ይመስላችኋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ለሁለት ተከፈሉ። ጋሽ ታፈሰ የሴትየዋ ወገን ሆኑ፤ «ሱቅ ያላት ሴት ሸሚዝ ለሚያቆሽሽ ሰው አትሰጥም» አሉ። ጋሽ በላይ የሰውዬው ወገን ሆነው «ትዕግሥቱን እዩለት» እያሉ ይከራከራሉ። እቴቴ ደግሞ ሴትየዋን ትሰድባለች፦ «ዓይኗ የት ነው? በየቀኑ አንድ ሸሚዝ!» ጋሽ ታፈሰ በመጨረሻ ፍርድ ሰጡ። «ችግሩ ግልጽ ነው። እዚያ አገር ሽማግሌ የለም። አንድ ሁለት ሰው ቢልክ ይሄ ሁሉ ሸሚዝ አያልቅም ነበር።»

ፊልሙ መጨረሻው ላይ ይዘንባል። ዝናብ ለኪው ሥራውን ሊለቅ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ይዘንባል። ዝናቡ እውነተኛ አይደለም፤ አንድ ሰው ከላይ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ውኃ እየረጨ ነው፣ የረጪው አውራ ጣት በስክሪኑ ጥግ ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ጋሽ በላይ ግን «ተመስገን!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እኔ አውራ ጣቷን አየሁና ወደ ግሩም ዞርኩ። ግሩም ከእኔ ቀድሞ ዞሮ ነበር። ሳቃችንን መያዝ አቃተን።

ሐጂ ኑሩ ዝናቡን አላዩም። የሚያዩት እኛን ነው።

«ታፈሰ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄ ልጅ የአጎቷ ልጅ አይደለም።»

ጋሽ ታፈሰ ከፊልሙ ዞሩ።

«እንዴት ሐጂ?»

«የአጎት ልጅ ፊልሙን ነው የሚያይ። ይሄ ፊልሙ ባሳቀ ቁጥር እሷ መሳቋን ነው የሚያየው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሰው በመስታወት ሳይ ኖሬያለሁ፤ ኋላ የሚቀመጡት ምን እንደሆኑ አይጠፋኝም።»

እቴቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። «ደንግጬ ነው!» አለች፤ «በካልሲ አገኛችሁት፣ ምን ልበል!»

ጋሽ በላይ ብድግ አሉ። «እንግዲያው እንግዳወርቅም ውሸት ነው?»

«እሱ እውነት ነው፣» አለ ግሩም። «አባቴ ታደሰ ነው፣ አያቴ ወልደየስ። ከነበሬዎቹ እውነት ነው። ውሸቱ የሷ ዘመድ መሆኔ ብቻ ነው።»

ጋሽ ታፈሰ አሰቡ። ፊታቸው ተቆጥቷል፣ ግን ደንብ ከቁጣ ይቀድምባቸዋል። «ዝምድናው ከፈረሰ ጥያቄያችን አሁንም ጸንቷል ማለት ነው። ሶስና፣ ነይ። እዚህ ድረስ ከተዝረከረከ ወዲያ አንቺኑ ብንጠይቅ ነው የሚሻለው። ናትናኤልን ምን ትያለሽ?»

ከማድ ቤት ወጣሁ። «ናትናኤል ጥሩ ሰው ነው፣» አልኩ። «እኔ ግን የምወደው ይሄን ነው።» በጣቴ አሳየሁት፣ ሌላ ሰው ያለ ይመስል። አፌን ማን እንደከፈተው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁሉም ወደ ግሩም ዞሩ። ግሩም አላየኝም። ቀጥ ብሎ ወደ ጋሽ በላይ ሄደና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ያዘ።

«ጋሼ፣» አለ፤ «እዚህ አገር አንድም ዘመድ አልነበረኝም። የምልከው ሰው ስለሌለኝ ነው ሁለት ዓመት ዝም ያልኩት። ብቻዬን ሄጄ ስጡኝ ብል ማን ሰው ይለኛል ብዬ ነው። ዛሬ እርስዎን አገኘሁ። ሽማግሌ ይሁኑኝ።»

በዚያች ሰዓት የሁለት ዓመቱ ቆሎ ሁሉ ትርጉሙ ገባኝ። አለቀስኩ።

ጋሽ በላይን ላብ አጠመቃቸው። ለአንዱ ዘመዳቸው የመጡበት ቤት ሌላው ዘመዳቸው ጉልበታቸውን ይዟል። ስልካቸውን አወጡና ናትናኤል ጋ ደወሉ፣ እንዲሰማም ድምፁን ከፍ አደረጉት። የሆነውን ሁሉ፣ ከነእንግዳወርቁ ተረኩለት።

«ልጅቷ እምቢ ካለች ምን ይደረጋል፣» አለ ናትናኤል። ትንሽ ከፋው፣ ድምፁ ላይ ይታወቃል። «ግን ጋሼ፣ እውነት ዘመድ አለን እዚህ? ስልክ ቁጥሩን ላኩልኝ። ደግሞ መኪናዬን በምን ሰዓት ነው የምትመልሱት? ነገ ሥራ አለኝ።»

ጋሽ ታፈሰ እጃቸውን አጨበጨቡ። «የናትናኤል መልእክት አልቋል። አሁን የዚህኛውን በደንቡ እናድርግ። ሽማግሌ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣ። ውጡ!»

ሦስቱም ጫማቸውን አጠለቁ፣ ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ወደ በረዶው ወጡ። እቴቴ ግሩምን ስታየው ጮኸች። «ሽማግሌ ላኪ ሽማግሌ ሲመጣ ቤት ይገኛል እንዴ! ነውር! አንተም ውጣ!» እሱም ወጣ፤ በመስኮት ሳይ የራሱ መኪና ውስጥ ገብቶ ሞተር አስነስቶ ተቀምጧል።

በሩ ተንኳኳ። ምግባቸው ሳህን ላይ እንዳለ፣ ሻያቸው ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ቤቱን አይተውት እንደማያውቁ ሆነው ገቡ። በረዷቸውን አራገፉ። ቆሙ።

«ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቁጭ በሉ፣» አለች እቴቴ። የአጎት ልጅ ስለጠፋብን ወንዱም ሴቱም እሷ ሆናለች።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«ስለ ምን መጣችሁ?»

«ልጃችሁን ለልጃችን። ግሩም ታደሰ ይባላል።»

«ምን ዓይነት ልጅ ነው? እኛ አናውቀውም፣» አለች፣ ትናንት የሩዝ ጆንያ ያሸከመችው ሴት።

«እኛም ዛሬ ነው ያወቅነው፣» አሉ ሐጂ ኑሩ። «የአጎቷ ልጅ ነው ሲባል ሰምተን ነበር።»

እቴቴ አልሳቀችም። «እንመክርበታለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

«ወይዘሮ የሺ!» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «ከዚህ በላይ ምን ትመክሪያለሽ? ሁላችንም እዚሁ ነበርን እኮ!»

«ልጄ የመንገድ ዕቃ አይደለችም፤ በመጡበት ቀን አልሰጥም። ሁለት ሳምንት።»

ሽማግሌዎቹ ለጥ ብለው እጅ ነሱ። በደንቡ ነዋ! ከዚያ ተቀምጠው ሻያቸውን ጨረሱ።

ይሄ ቀን ምን ለወጠብኝ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔ ሕይወት ማለት ገና የሚመጣ፣ ከፍ ያለ፣ በደንብ የተዘጋጀ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሰውን ሁሉ በዊልቸር ወደ በሩ ስገፋ፣ እኔም አንድ ቀን ተራዬ ሲደርስ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ የሚጠራኝ ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። የጠራኝ በካልሲና በውሸት፣ የበጋ ጎማ ይዞ ነው የመጣው። እነዚያን የተጎሳቆሉ ፊልሞች ለምን እንደምወድ ያኔ ገባኝ፤ ስህተቱን ቆርጦ ለመጣል አቅም ስለሌላቸው ሰው እንዳለ ውስጣቸው ይቀራል። እናንተም ቤታችሁ እየመጣ ሳይናገር የሚቀመጥ ሰው ካለ ዝምታውን ንቀት ነው ብላችሁ አትፍረዱ። ምናልባት የሚልከው ሰው አጥቶ ይሆናል። ምናልባትም አንቺ፣ እኅቴ፣ ቀድመሽ መናገር ይኖርብሽ ይሆናል። እኔ ያን ቀን ባልናገር ኖሮ ዛሬ ባለ ሁለት ጋራዥ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ስለ ኢንሹራንስ እሰማ ነበር።

መልሱ የተሰጠው በቀጠሮው እሁድ ነው። ፀሐይ ወጥቶ ነበር፣ የናትናኤልን መኪና መዋስም አላስፈለገም፤ ራሱ ናትናኤል ሽማግሌዎቹን አድርሶ፣ ታች መኪናው ውስጥ መልስ ሲጠብቅ ካገኘው ዘመዱ ከግሩም ጋር ትንሽ ሲያወራ ቆይቶ ሄደ። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ በሩ ላይ ጆሮዬን ጣልኩ። እቴቴ ብዙ አስጠበቀቻቸው። ስለ አስተዳደግ ተናገረች፣ ስለ እናቴ ተናገረች፣ ሁለት ጊዜ አለቀሰች። በመጨረሻ «ሰጥተናል» አለች።

ለግሩም ደወልኩ። ገና ሳይጠራ አነሳው።

«ምን አሉ?»

«ሰጥተናል ብላለች።»

የመኪና ጡሩምባ በስልኩም በመስኮቱም ተሰማኝ፤ አላቆመም። ጎረቤቶች በየበረንዳው ወጡ። መስኮቱን ከፍቼ ሳይ ግምባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ትከሻው ይርገፈገፋል። ሳሎን እልልታ ተነስቷል። እኔ እልልታውን ትቼ፣ ሽማግሌዎቹን በመሀል አልፌ፣ በደረጃው ሮጥኩ። ጡሩምባው የቆመው ወርጄ የመኪናውን በር ስከፍትለት ነው።